አንድ ስም፣ ብዙ ዘይት፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ስያሜ ታሪክ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

መግቢያ

የሙያ ቃላትን ታሪክ የሚመረምር ሰው ዘወትር የሚጠይቀው አዲስ ዕቃ ወደ አገር በገባ ጊዜ ስሙ ከየት መጣ ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ጥያቄ የዚያ ቀጣይ ነው፤ ይኸውም ስሙ አንድ ጊዜ ከተለመደ በኋላ ዕቃው በዓይነት በዓይነቱ ሲከፋፈል፣ ስሙ ግን እንደ ቀድሞው አንድ ሆኖ ሲቀር ምን ይከተላል የሚል ነው። ለዚህ ምርመራ የተመረጠው ቃል «ዘይት» ሲሆን፣ በተለይም ማርሹ በእጅ በሚቀየር መኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል ውስጥ የሚገባው ዘይት ነው።

ምርመራው በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ላይ እንዲያተኩር የተደረገበት ምክንያት አለ። በዚህ አካባቢ ጣልያንኛው ከጦር ካሚዮን ጋር፣ የሶቪየት የምሕንድስና ትምህርት ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር፣ እንግሊዝኛው ከመማሪያ መጽሐፍ ጋር፣ የጃፓን መኪና ደግሞ ከገበያ ጋር እየመጡ በአንድ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ተደራርበዋል። ከዚህም በላይ ወደ ከተማው የሚያስገባው ዋና መንገድ የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ፣ በሐይቁ ምሥራቅ ያለው ሜዳም በክረምት ውሃ የሚተኛበት ስለሆነ፣ የዘይት ምርጫ ስሕተት ዋጋው ቶሎ የሚታይበት አገር ነው።

1. ዘይት ከመኪና በፊት

«ዘይት» ከግእዝ የወረስነው ቃል ነው። ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው ስም ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በጥንቱ አገባብ የወይራን ፍሬ ቅባት ያመለክታል። በአማርኛ ግን ቃሉ ከወይራ ወጥቶ ከኑግ፣ ከተልባ፣ ከሰሊጥና ከሱፍ ለሚጨመቀው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። እንግዲህ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ የመስፋት ጠባይ የነበረው ነው ማለት ይቻላል።

ነገርን የማለስለስ ተግባር በአገራችን አዲስ አይደለም። ቆዳ ይለፋል፤ ጠፍር በቅቤ ወይም በሞራ ይታሻል፤ የደረቀ ሁሉ ይቀባል። ስለዚህ ቋንቋው «ቀባ»፣ «አሸ»፣ «አለፋ»፣ «አለሰለሰ» የሚሉ ግሦች ነበሩት፤ ለሚቀባውም ነገር ሁሉ «ቅባት» የሚል የወል ስም ነበረው። ያልነበረው ነገር ቢኖር፣ ብረት ከብረት ጋር በከባድ ጭነት እየተፋተገ የሚዞርበትን መሣሪያ የሚያገለግል የቅባት ዓይነት መለያ ነው። የጣና ሰው ሐይቁን የሚሻገርበት ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው፤ ጎማም፣ ዘንግም፣ ጥርስም የለውም። ደንገሉን ለማጨድ፣ ለማድረቅ፣ ለማሰርና ታንኳውን ለመቅዘፍ የሚበቃ ቃል ሞልቶት ሳለ ለዘንግ ቅባት ስም አለማውጣቱ የቋንቋ ድህነት ሊባል አይገባም፤ የማይሠራበትን ነገር የሚሰይም ሕዝብ የለምና።

2. የጣልያንኛው ሽፋን

በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ካየች በኋላም ቢሆን፣ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል መኪና በጥቂት ከተሞች የሚታይ የመኳንንት ዕቃ ሆኖ ቆየ። የመኪና ቋንቋ ወደ ሰፊው ሕዝብ የገባው በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወደ ጣና አገር ደግሞ የመጣው በጦር ሰልፍ ነው። በስታራቼ የተመራው የፋሺስት ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከአስመራ ተነሥቶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ የሐይቁን ዳርቻ ያዘ። በሰሜኑ ዳርቻም ጎርጎራ የጀልባ ወደብ ሆነች።

ወራሪው ሲወጣ ካሚዮኑና ቃሉ ቀሩ። ዛሬም ድረስ የአማርኛ ጋራዥ ቃላት አጥንታቸው ጣልያንኛ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ክሪክ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ፓራፋንጎ፣ ፖርቶመጋላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ እያልን ብንቆጥር ገጹ አይበቃም። እነዚህ ቃላት እንደመጡ አልተቀመጡም። ከአንዳንዶቹ መጨረሻ ያለው አናባቢ ወድቋል፤ «ፍሬኖ» ፍሬን፣ «ቡሎኔ» ብሎን፣ «ኮፋኖ» ኮፈን ሆኗል። በአማርኛ ጥንት ያልነበረው የ«ቭ» ድምፅ ወደ «ብ» ዞሯል፤ «ቫልቮላ» ባልቦላ፣ «ካቻቪቴ» ካቻቢቴ ተብሏል። «ፖርታባጋሊ» ደግሞ ፖርቶመጋላ እስኪባል ድረስ በሕዝብ አፍ ተሞርዷል። ይህን ያህል ከተሞረደ ቃል የባዕድነት ጠረን ይጠፋል።

ለያዝነው ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሦስት ቃላት ከዚሁ ሽፋን የተገኙ ናቸው። «ካምቢዮ» በጣልያንኛ መለወጫ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ የማርሽ ጥርሶች የሚቀመጡበት ሳጥን ሆኗል። «ማርሽ» ከመራመድ የመጣ ነው፤ በአማርኛ ሁለት ኑሮ ይኖራል፤ በሙዚቃው ሰልፈኛ ይረግጥበታል፣ በመኪናው ሾፌር ይቀይረዋል። ይህ ቃል ምን ያህል እንደ ተዋሐደን ለመረዳት፣ በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር በሕዝብ አንደበት «ማርሽ ቀያሪው» መባሉን ማስታወስ ይበቃል። ሦስተኛው «ዲፈረንሻል» ነው፤ በጣልያንኛው መንገድ «ዲፈረንሲያሌ» የሚባለው ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ በእንግሊዝኛው ድምፅ ጸንቷል።

ዘይቱን በሚመለከት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጣልያኖች የሞተሩን «ኦሊዮ»፣ ወፍራሙን «ግራሶ»፣ የካምቢዮውን ደግሞ ከአንድ የአሜሪካ የንግድ ስም ወስደው «ቫልቮሊና» ይሉ ነበር፤ ልክ እኛ ማናቸውንም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት «ኦሞ» እንደምንለው ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል «ግራሶ» በጋራዥ አማርኛ ቦታ አገኘ። «ኦሊዮ» ግን «ዘይት»ን ሊነቀንቀው አልቻለም። ለሁሉም ዕቃ የባዕድ ስም የተቀበለው አማርኛ፣ ለፈሳሹ ብቻ የራሱን ጥንታዊ ቃል አጸና፤ በዚያም ላይ የቦታውን ስም በዘርፍ እየጨመረ «የሞተር ዘይት»፣ «የካምቢዮ ዘይት»፣ «የዲፈረንሻል ዘይት»፣ «የፍሬን ዘይት» አለ። ከቋንቋ አኳያ ሲታይ ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ዘርፉ የሚናገረው ዘይቱ የሚገባበትን ቦታ እንጂ የዘይቱን ጠባይ አለመሆኑ ልብ ይባል። የኋላው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

3. ፖሊቴክኒክና የሶቪየት መኪና

ባሕር ዳር የኢንዱስትሪ ከተማ መሆን የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፍቶ የእርሻ መሣሪያ፣ የብረታ ብረት፣ የኤሌክትሪክ፣ የእንጨት ሥራና የጨርቃ ጨርቅ ቴክኒሻኖችን ማሠልጠን ያዘ። ይህ ኢንስቲትዩት በኋላ ከመምህራን አካዳሚው ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ለተመረቀው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መሠረት ሆኗል።

የቋንቋ ሁኔታውን ስናስበው እንግዳ ነው። አስተማሪው በሩስያኛ ያስባል፤ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ተመርቆ ጋራዥ ሲገባ የሚጠብቀው ሽማግሌ መካኒክ ደግሞ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ክሮቸራ ይለዋል። መጽሐፍ ያወቀውና እጅ ያወቀው የተገናኙት በአማርኛው «ዘይት» ላይ ብቻ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ መንገዱን የሞሉት ላዳና ዋዝ ይህን መደራረብ ወደ ፍጻሜ አደረሱት። ላዳ በሶቪየት አገር በቶልያቲ ከተማ ቢሠራም፣ አጥንቱ ፊያት 124 ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የተዋዋሉት በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የእኛ መካኒክ ጣልያንኛ ስሞቹን ሳይለውጥ በሩስያው መኪና ላይ ሊሠራ ቻለ። በዘይቱ ግን ልዩነት ነበረ። ፊያት ለ124 መኪናው ሁለት የተለያዩ ዘይቶች አዝዞ ነበር፤ ለካምቢዮው ዜድ.ሲ. 90 የተባለውን ከባድ ግፊት መቋቋሚያ ያልተጨመረበትን፣ ለኋላው ዲፈረንሻል ደግሞ ደብልዩ 90/ኤም የተባለውን መቋቋሚያ ያለበትን። የሶቪየቱ ፋብሪካ ይህን ልዩነት ትቶ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ታድ-17 የተባለውን አንድ ዘይት አዘዘ። መጠናቸው እንኳ ተቀራራቢ ነበር፤ ካምቢዮው 1.35 ሊትር፣ ዲፈረንሻሉ 1.3 ሊትር ይወስዳል።

በዚሁ ዘመን በአገራችን እጅግ የተወደደው ቮልስም ሌላ መንገድ ይዞ ወደዚያው መደምደሚያ ያደርስ ነበር። በቮልስ የማርሹና የዲፈረንሻሉ ጥርሶች በአንድ ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። እንግዲህ በላዳም በቮልስም የሠራ መካኒክ «የካምቢዮ ዘይት» ብሎ ከአንድ ጣሳ ለሁሉም ቢቀዳ ያጠፋው ነገር አልነበረም። አንዱ ስም ለአንዱ ዘይት በቂ ነበር። ልማዱ ከስንፍና ሳይሆን በዘመኑ ከነበሩት መኪኖች ሥሪት የመጣ መሆኑን መመስከር የታሪክ ግዴታ ነው።

4. ሁለቱ ዘይቶች የሚለያዩበት ምክንያት

ልማዱ ጉዳት የሚያመጣው የሁለቱ ክፍሎች ሥራ የተለያየ ሲሆን ነው። ስለዚህ ሥራቸውን ባጭሩ ማየት ያስፈልጋል።

መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረዥም መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ፍጥነት ቢገደዱ አንዱ መንሸራተቱ አይቀርም። ዲፈረንሻል ኀይልን ለሁለቱ እያደለ ፍጥነታቸው እንዲለያይ የሚፈቅድ መሣሪያ ነው። በኋላ እግር በሚጎተቱ መኪኖች ከሞተር የሚመጣውን ዘንግ ዙር ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫ የሚያዞሩት ኮሮናና ፒኞን የተባሉት ጥርሶች ናቸው። ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ፣ መጀመሪያ በአሜሪካው ፓካርድ፣ ፒኞኑ ከኮሮናው መካከል ዝቅ ብሎ እንዲገጠም ተደረገ። ይህ «ሃይፖይድ» የተባለው አሠራር ዘንጉን ዝቅ አድርጎ የመኪናውን ወለል ለማውረድ ረዳ፤ ድምፅም ቀነሰ። ነገር ግን ጥርሶቹ እየተንከባለሉ ብቻ መነካካታቸው ቀርቶ በከባድ ጭነት እየተንሸራተቱ ይፋተጉ ጀመር። ተራ ዘይት ይህን አይችለውም፤ ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣና ብረት ብረትን ይበላል። ስለዚህ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይጨመራል። ቅመሙ ሙቀትና ግፊት ሲበረታ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይሠራል።

ካምቢዮ ግን ሌላ ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ያስጀመረው የማርሽ ማስማሚያ፣ አንዱ ጥርስ ሌላውን ከመያዙ በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት አለው። ቀለበቱ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ ይሠራል፤ ሥራውንም የሚሠራው በመፋተግ ነው። ለዲፈረንሻል የተዘጋጀው ብርቱ ቅመም እዚህ ሲገባ ሁለት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንደኛ፣ ድኙ በሙቀት ጊዜ በነሐሱ ውስጥ ያለውን መዳብ ሊበላ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ እንዲይዝ የሚያስፈልገውን ፍትጊያ ይቀንሳል፤ ማርሹ ሲገባ ይንገጫገጫል፣ ወይም እንቢ ይላል። በዘመናችን መዳብን እምብዛም የማይነኩ ቅመሞች ቢገኙም፣ ሁለተኛው ችግር በዚህ ብቻ አይወገድም።

የአሜሪካ የነዳጅ ዘይት ኢንስቲትዩት እነዚህን ዘይቶች ጂ.ኤል.-4 እና ጂ.ኤል.-5 ብሎ መድቧቸዋል። ጂ.ኤል.-5 ከጂ.ኤል.-4 እጥፍ ገደማ ቅመም ይይዛል፤ የተዘጋጀውም ለሃይፖይድ ጥርስ ነው። ጂ.ኤል.-4 ደግሞ የብዙ ካምቢዮዎች ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ፋብሪካው ጂ.ኤል.-4 ባዘዘበት ካምቢዮ ጂ.ኤል.-5 ማግባት ቀለበቱን ማስፈራት ነው፤ በሃይፖይድ ዲፈረንሻል ጂ.ኤል.-4 ማግባትም ኮሮናና ፒኞኑን ለጥፋት መስጠት ነው። በፊት እግር በሚጎተቱ ትናንሽ መኪኖች ሞተሩ በአግድም ሲቀመጥ ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቤት ይሆናል፤ የሃይፖይድ ጥርስም ስለማያስፈልገው አንዱ የካምቢዮ ዘይት ለሁለቱም ይበቃል። አንዳንድ የጃፓን ካምቢዮዎች ደግሞ የሞተር ዘይት ዓይነት ቀጭን ዘይት ይጠይቃሉ። በመሆኑም ለምርጫ አንድ የወል ሕግ የለም፤ ሕጉ የየመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው።

5. በረሃውና ሜዳው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ለመድረስ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። በመካከሉ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይ በረሃ አለ። መኪናው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል ይወጣል። ሾፌር ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል በከባድ ማርሽ ሞተሩን እንደ ልጓም ይጠቀማል፤ በዚህ ጊዜ የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች በተለመደው ገጻቸው ሳይሆን በጀርባቸው ይሸከማሉ። ሲወጣ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሙሉ ጭነት፣ በቆላ ሙቀት ለረዥም ጊዜ ይገፋሉ። በሜዳ ለዓመታት ሊደበቅ የሚችል የዘይት ስሕተት በዚህ ዳገት ላይ ይገለጣል።

የሐይቁ ምሥራቅ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ የፎገራን ሜዳ ውሃ ይውጠዋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሏል። ከረዥም ጉዞ በኋላ የጋለ ዲፈረንሻል ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ይኮማተራል፤ በመተንፈሻው ቀዳዳ ወይም ዘይት በሚያግደው ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ከውሃ ጋር የተመታ ዘይት መልኩ ወተት ይመስላል፤ ጥርስን የመከላከል ኀይሉም ይደክማል። ጎርፍ የተሻገረ ባለመኪና ቀኑ ባይደርስም ዘይቱን ማስፈተሽ አለበት።

የዚህ አካባቢ አየር በአንድ በኩል ምርጫውን ያቀልላል። በዘይቱ ዕቃ ላይ 75ደብልዩ-90 ወይም 80ደብልዩ-90 ተብሎ ሲጻፍ፣ ከ«ደብልዩ» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በክረምት ብርድ እንዴት እንደሚፈስ የሚናገር ነው፤ ለ75 የሚደረገው ፈተና ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ነው። ውሃ የሚረጋበት ብርድ በማታውቀው ባሕር ዳር ይህ ቁጥር ብዙ አያስጨንቅም። የሚመለከተን የሁለተኛው ቁጥር፣ ማለት በሙቀት ጊዜ ያለው ውፍረት ነው።

6. ቁጥርና ቃል እንዴት ያሳስታሉ

በዚህ ቦታ ጉዳዩ ከመካኒክ ወደ መዝገበ ቃላት ሠሪ ይሻገራል። ሦስት የስያሜ ወጥመዶች አሉ።

የመጀመሪያው የውፍረት ቁጥር ነው። የሞተር ዘይት 40 ተብሎ፣ የካምቢዮ ዘይት 90 ተብሎ ሲጻፍ፣ ገዢ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ የወፈረ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሁለቱ መለኪያዎች የተለያዩ መሆናቸው ነው። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለኩ የሞተሩ 40 ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ፣ የካምቢዮው 90 ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ነው። በውፍረት ጎረቤቶች ናቸው፤ የሚለያዩት በቅመማቸው ነው። መካኒኮቻችን «ቀጭን ዘይት፣ ወፍራም ዘይት» ሲሉ የሚለዩት ጠባይ እውነተኛ ቢሆንም፣ ቅመሙን የሚለይ ቃል ግን የላቸውም።

ሁለተኛው «ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። ጂ.ኤል.-4 እና ጂ.ኤል.-5 በአማርኛ «ደረጃ 4» እና «ደረጃ 5» ተብለው ቢተረጎሙ፣ በቋንቋችን ደረጃ የሚወጣበት ነገር ነው፤ አምስተኛው ከአራተኛው ይበልጣል። ገዢው ለመኪናው የሚሻለውን ሊገዛ ፈልጎ የሚጎዳውን ይገዛል። ስሕተቱ ከገዢው አይደለም፤ ከትርጉሙ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የአገልግሎት ዓይነት መለያ እንጂ የጥራት ማዕርግ አይደሉም። በመሆኑም «ምድብ» የሚለው ቃል ይሻላል፤ በምድብ መካከል መለያየት አለ፣ መበላለጥ የለም።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው «የፍሬን ዘይት» ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግላይኮል ላይ የተመሠረተ እንጂ ዘይት አይደለም። ስሙን አምኖ የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይት የጨመረበት ሰው ቢኖር፣ በፍሬኑ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ያብጣል፤ ፍሬኑም ይይዛል ወይም ጨርሶ ይከዳል። በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ የዚህ ትርጉም ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግሊዝኛውና ሩስያኛው «ፈሳሽ» ሲሉት ጣልያንኛው ዘይት ይለዋል፤ እኛም የተከተልነው ጣልያንኛውን ነው። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሪሲዮን ያላቸው መኪኖችም ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ይህንኑ ስለሆነ «የፍሪሲዮን ዘይት» የሚለውም ስም እንዲሁ ያሳስታል።

7. ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚቀርብ አሳብ

የኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1948፣ የተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ሲታተሙ የግእዙን ሥርና የአገሬውን ንግግር በማደላደል ታላቅ ውለታ ውለዋል። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የጀመረው የሙያ ቃላት ሥራ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን አስገኝቷል። የጋራዡ ቃል ግን የመጽሐፍን መንገድ ሳይጠብቅ በአፍ የተላለፈ ስለሆነ፣ እንደ ሌላው የሙያ ቃል ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ አቻ በመፈለግ ብቻ አይሰበሰብም። መነሻው ከመካኒኩ አፍ መሆን አለበት።

ከዚህ በመነሣት አራት አሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮንና ዲፈረንሻል የአማርኛ ቃላት ሆነዋልና በሌላ አይተኩ። ሁለተኛ፣ «ዘይት» የወል ስምነቱን ይዞ ይቆይ፤ ነገር ግን በዘርፍ የተገኘ እያንዳንዱ ስም በመዝገበ ቃላት ለየብቻው ይፈታ፣ ፍቺውም ቦታውን ብቻ ሳይሆን ጠባዩን ይናገር። ሦስተኛ፣ ለጂ.ኤል. «ምድብ»፣ ለ90 እና ለመሰሎቹ «የውፍረት ቁጥር» ይባል። አራተኛ፣ «የፍሬን ዘይት» ወደ «የፍሬን ፈሳሽ» ይታረም። ለምሳሌ ያህል ፍቺዎቹ እንደሚከተለው ሊጻፉ ይችላሉ።

የካምቢዮ ዘይት፦ ስም። በማርሽ ሳጥን ውስጥ ጥርስን የሚያለሰልስ፣ የነሐስ ማስማሚያ ቀለበትን የማይጎዳ ዘይት፤ ብዙ ጊዜ ምድብ 4። በሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ አይገባም።

የዲፈረንሻል ዘይት፦ ስም። በከባድ ጭነት እየተንሸራተቱ ለሚፋተጉ ኮሮናና ፒኞን የተዘጋጀ፣ ከባድ ግፊት መቋቋሚያ የበዛበት ዘይት፤ ምድብ 5። የመኪናው መመሪያ ካልፈቀደ በቀር በካምቢዮ ውስጥ አይገባም።

የፍሬን ፈሳሽ፦ ስም። የፍሬንን ግፊት ከፔዳል ወደ ጎማ የሚያደርስ ፈሳሽ። ማናቸውም ዘይት አይተካውም።

በመዝገበ ቃላት ፍቺ ውስጥ «አይገባም» የሚል ማስጠንቀቂያ መጻፉ ያልተለመደ መሆኑ ይታወቃል። ሆኖም ቃሉ ራሱ ሰውን ወደ ስሕተት የሚመራ ሲሆን፣ ፍቺው መንገዱን ማቅናት ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚገቡት በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው። በእነዚህ ዘንድ ፍሪሲዮን የለም፤ የሚቀየር ማርሽም የለም፤ ነገር ግን የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ጥርስና ዲፈረንሻል አላቸው፣ ለእነርሱም የታዘዘ የራሳቸው ዘይት አላቸው። ስለዚህ «ዘይት» ገና አዲስ ዘርፍ ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ቀድሞ የገቡት በእጅ ማርሽ የሚነዱ መኪኖች በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለብዙ ዓመታት መጠገናቸው አይቀርም፤ ስማቸውንና ሥራቸውን ከሽማግሌዎቹ የተማሩት መካኒኮች ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሱ ይሄዳሉ። አዲሱ ዘርፍ ሳይጨመር፣ አሮጌው ቃል ከነአዋቂዎቹ ሳይሄድ፣ የጋራዡን ቃላት ከየከተማው ሰብስቦ በትክክለኛ ፍቺ መመዝገብ የዛሬ ሥራ ነው።